ኤርዶዋን፦ ከቅድስት ሶፍያ እስከ አንካራ ስምምነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ መሪዎች በአንካራ ተገናኝተው፣ ሀገራችን በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር አስተማማኝ የባሕር መተላለፊያ ስለምታገኝበት መንገድ ለመነጋገር ተስማሙ። ያገናኟቸው የቱርክ ፕሬዝዳንት ረሲፕ ጣይብ ኤርዶዋን ናቸው። ጉዳዩ ለምዕራብ ጎጃም ምእመን ሩቅ ወሬ አይደለም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለበቆሎ ማሳ የሚገዛው ማዳበሪያ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራግፎ የሚመጣ ነውና።

የሰውየው ስም ሲነሣ ግን ከምእመናን ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «ቅድስት ሶፍያን መስጊድ ያደረገ እንዴት አስታራቂ ይሆነናል?» ይላል፤ ሌላው «ካስታረቀን ወዳጃችን ነው» ይላል። ከመፍረድ በፊት የመጡበትን መንገድ ማየት ይገባል።

ኤርዶዋን በ1946 ዓ.ም. በኢስታንቡል ከመርከበኛ አባት ተወለዱ፤ ኢማሞች በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1986 ዓ.ም. የከተማዪቱ ከንቲባ ሆኑ። በአደባባይ ባነበቡት ግጥም ተከሰው በ1991 ዓ.ም. አራት ወር ታሰሩ። በ1993 ዓ.ም. ፓርቲ መሥርተው፣ በ1995 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ2006 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ሆኑ። በ2009 ዓ.ም. የተደረገው ሕዝበ ውሳኔም የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሥልጣን ሽሮ አስፈጻሚነቱን በፕሬዝዳንቱ እጅ አኖረው።

ቍስጥንጥንያ 150ው ሊቃውንት የተሰበሰቡባት፣ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በሊቀ ጳጳስነት ያስተማረባት ከተማ ናት። ዛሬ የቆመው የቅድስት ሶፍያ ሕንፃ የተሠራው ከኬልቄዶን ጉባኤ መለያየት በኋላ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1453 መስጊድ የመሆኑ ዜና ክርስቲያንን ሁሉ ያሳዘነ ነበር። በኋላ ሙዚየም ሆኖ ቆይቶ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የሀገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሲሽር ኤርዶዋን በዚያው ዕለት ለእስላማዊ ጸሎት እንዲከፈት ፈረሙ።

እኚሁ ሰው ግን አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ በኢስታንቡል የእኅት ቤተ ክርስቲያናችን የሶርያ ኦርቶዶክስን የቅዱስ ኤፍሬም ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ አኑረዋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት፤ ከቱርክ ሪፐብሊክ ምሥረታ ወዲህ በአዲስ የተሠራ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰባት ወር ሳይሞላ ደግሞ በዚያችው ከተማ ያለው ጥንታዊው የኮራ ቤተ ክርስቲያን መስጊድ ሆኖ ተከፈተ።

ይህን በጠላትነት ወይም በወዳጅነት ብቻ መፍታት አይቻልም። የቅድስት ሶፍያ ውሳኔ የመጣው ፓርቲያቸው የኢስታንቡልን ከንቲባነት በተሸነፈ በዓመቱ ነው፤ የሀገር ውስጥ ደጋፊን ያጽናና ነበር። የቅዱስ ኤፍሬም ምረቃ ደግሞ ለውጭው ዓለም መልካም ገጽ ያሳይ ነበር። በአፍሪካ ቀንድም እንዲሁ ነው፤ ቱርክ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሞቃዲሾ የጦር ማሠልጠኛ ሰፈር አላት። አስታራቂው የራሱ ጥቅም ያለው ነው። ይህ ዕርቁን ከንቱ አያደርገውም፤ የሚመዘነው ግን በፊርማው ሳይሆን በፍሬው መሆኑን ያስተምራል።

ለእኛ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው፣ በአንካራ የተፈረመውን በደል በገበያ አብሮን በሚውለው፣ በሐዘን በሚያስተዛዝነን ሙስሊም ጎረቤት ላይ አለመቍጠር ነው። ሁለተኛው፣ ቅድስት ሶፍያን ከክርስቲያኖች እጅ ያወጣት ወረራ ቢሆንም፣ ዛሬ ጠያቂ ያሳጣት የምእመናኗ ማለቅ መሆኑን ማስተዋል ነው። በዚያች ታላቅ ከተማ የቀሩት የግሪክ ኦርቶዶክሳውያን ጥቂት ሺዎች ብቻ ናቸው። ሕንፃ በሹም ፊርማ ይከፈታል፣ ይዘጋልም። በአብነት ትምህርት ቤትና በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያድግ ልጅ ግን በፊርማ አይወሰድም። ሐዋርያው እንዳዘዘን ለባለ ሥልጣናት እንጸልይ፤ ተስፋችንን ግን በእነርሱ ላይ አናኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።