የኳስ ተረት

አሥር ዓመት የሞላው ልጄ የአማርኛ መጽሐፍ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። የእግር ኳስ ወሬ ከሆነ ግን ከእራቱም ያስበልጣል። ባለቤቴ "ታዲያ ለምን ኳሱን አናስነብበውም?" አለችኝ።

እንግሊዞች ይህን ዘዴ የሞከሩት ከ140 ዓመት በፊት ነው። ልጆቻቸው በአንድ ፔኒ የሚሸጡ የወንበዴና የነፍሰ ገዳይ ታሪኮችን ሲያነቡ ወላጆችና ካህናት ተጨነቁ። ስለዚህ ሃይማኖታዊ ጽሑፎችን የሚያሳትም አንድ የለንደን ማኅበር በጥር 1879 እ.ኤ.አ. "ቦይስ ኦውን ፔፐር" የተባለ ሳምንታዊ የልጆች ጋዜጣ በዚያው በአንድ ፔኒ አወጣ። በመጀመሪያው ዕትም የፊት ገጽ ላይ የወጣው ግን ስብከት አልነበረም። ታልቦት ቤይንስ ሪድ የጻፈው፣ አንድ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ስለተሰለፈበት የመጀመሪያ ግጥሚያ የሚተርክ ታሪክ ነበር። ጨዋታው ዛሬ ራግቢ የምንለው ዓይነት ነው። ጋዜጣው እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ዘለቀ።

እኔ ባደግኩበት በደጀን እንዲህ ያለ ጋዜጣ አልነበረም። አባቴ ግን ነበር። ማታ እሳት ዳር "ተረት ተረት" ሲለን "የላም በረት" እንላለን። የሚከተለው የጅብና የአህያ ተረት ሳይሆን የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከሚመጡ ሾፌሮች የሰማው። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ሊያበቃ 6 ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2።

አባቴ ውጤቱን አይነካም። ሌላውን ግን እንደ ልቡ ያደርገዋል። አንድ ማታ የመንግሥቱ ኳስ መረብ ትቀዳለች፤ በሌላው ማታ ዝናብ ይዘንባል።

"አባባ፣ ትናንት እኮ ዝናብ አልነበረም" ስለው፣

"ትናንት ስላልጠየቅኸኝ ነው" ይለኛል።

ለካ የእኛ የኳስ ልብ ወለድ ያ ነበር። አባቴ ካረፈ 8 ዓመት ሆነው፤ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍንለትም። ልጄም ከአያቱ አፍ ሳይሰማው ቀረ።

ባለፈው ወር ደብተር ገዝቼ ጻፍኩት፤ ዝናቡንም የተቀደደውንም መረብ አልተውኩም። ሉቻኖ ኳሷን ሊመታ እግሩን ሲያነሣ አቆምኩና ደብተሩን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተኛሁ። ጠዋት ከታች በእርሳስ አንድ ቃል ተጽፎበት አገኘሁ፦ "ከዚያስ?"

በእናንተ ቤትስ የኳሱን ተረት የሚያውቀው ማን ነው? ሳይመሽ ጠይቁት።