ጥፋቱ የነጠላነቱ ነውን?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለ ሙዚቃችን በተነሣ ቁጥር አንድ ክስ ይደመጣል፡፡ በማንም ድርጅት ሳይታቀፉ በራሳቸው አቅም የሚሠሩ ወጣት ድምፃውያን አልበም ማዘጋጀት ትተው በነጠላ ዜማ ብቻ ብቅ ስለሚሉ ሙዚቃው ረከሰ፤ ሥራውም የአንድ ሰሞን ጭፈራ ሆኖ ቀረ የሚል ነው፡፡ ክሱ ከመደጋገሙ የተነሣ ማስረጃ የማያሻው እውነት እስከ መምሰል ደርሷል፡፡ ሆኖም ታሪክን ላገላበጠ ሰው መሠረት የለውም፡፡

ከሳሾቹ «ወርቃማ» እያሉ የሚያወድሱት ዘመን ራሱ የነጠላ ዜማ ዘመን ነበር፡፡ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን አጥር ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፡፡ በመጀመሪያ ያወጣውም የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ነበር፡፡ እስከ 1975 በቆየው ሥራው በግራና በቀኝ አንዳንድ ዘፈን የያዙ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች ሲወጡ፣ ረጃጅሞቹ ግን ከደርዘን ብዙም አላለፉም፡፡ ካይፋ ሪከርድስም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፡፡ የብዙነሽ በቀለ፣ የማሕሙድ አሕመድና የሂሩት በቀለ ድምፅ በየቤቱ የገባው በነዚሁ ትንንሽ ሸክላዎች ነበር፡፡ አሥር ያህል ዘፈን በአንድ ላይ ማውጣት የጸና ልማድ የሆነው ካሴት ከተስፋፋ ወዲህ ነው፡፡ እንግዲህ አልበምን የጥበብ መለኪያ አድርጎ ማቅረብ የካሴትን ርዝመት ከኪነ ጥበብ ሕግ ጋር ማምታታት ይሆናል፡፡ ነጠላ ልብስ ስለ ሳሳ የሸማኔው ጥበብ አያንስም፡፡

ታዲያ በያኔውና በዛሬው መካከል ያለው ልዩነት የቱ ላይ ነው? ልዩነቱ ከዘፈኑ በስተጀርባ ባለው ቤት ላይ ነው፡፡ ዓለማየሁና ሂሩት ከፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ብዙነሽና ማሕሙድ ደግሞ ከክብር ዘበኛ የወጡ ናቸው፡፡ በእነዚያ ቤቶች የሙዚቃ መሪ፣ ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲና የመለማመጃ ሥፍራ ነበሩ፡፡ እንደ ነርሲስ ናልባንድያን ያሉ መምህራን ድምፃውያንን ሲያሠለጥኑና ዜማ ሲያቀናብሩ ኖረዋል፡፡ ዘፈኑ ሸክላ ላይ ከመድረሱ በፊት በመድረክ ተፈትኖ፣ በባልደረቦች ተነቅፎ፣ ታርሞ ነበር የሚወጣው፡፡

የዛሬው ወጣት ግን ብቻውን ነው፡፡ ለግጥሙ፣ ለዜማው፣ ለቅንብሩ፣ ለስቱዲዮውና ለክሊፑ የሚከፍለው ከገዛ ኪሱ ወይም ከወዳጅ ተበድሮ ነው፡፡ አንዱን ዘፈን እንኳ በጭንቅ የሚያወጣውን ሰው «አሥር ለምን አላወጣህም?» ብሎ መውቀስ ፍርድ ሳይሆን ግፍ ነው፡፡

ይህ ሲባል ወጣቶቹ ከነቀፋ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም፡፡ ግጥሙ ሳይታረምና ዜማው ሳይበስል ለልብሱና ለካሜራው የሚጣደፈው ጥቂት አይደለም፡፡ የተመልካች ቁጥር የሂስን ቦታ ሊወስድ አይችልም፤ ብዙ ሰው አየው ማለት ዘፈኑ በሰለ ማለት አይደለምና፡፡ ከዚህም የከፋው የሌላውን ዜማ ያለ ፈቃድ አንሥቶ በራስ ስም ማውጣት፣ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም መዝለል ነው፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን በስሙ የመታወቅ መብት አረጋግጧል፤ ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007ም የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ የሚሰበሰብበትን መንገድ ደንግጓል፡፡ ለራሱ መብት የሚጮኽ ከያኒ የባልደረባውን ስም ሲውጥ መታየቱ የሚያሳፍር ነው፡፡

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዕዳ በሐያስያኑና በባህል ተቋማቱ ትከሻ ላይ ነው፡፡ ሐያሲው በጅምላ ከማውገዝ ይልቅ አንዲቱን ዘፈን አንሥቶ ያድምጥ፤ ትዝታን ወይም አንቺሆዬን እንዴት እንደተጠቀመችበት፣ ግጥሟ የት እንደ ጠነከረና የት እንደ ላላ ለይቶ ይጻፍ፡፡ እንዲህ ያለ ሂስ ካልተጻፈለት ወጣቱ ጉድለቱን ከማን ይማራል? ቴያትር ቤቶችና የባህል ማዕከላትም ትዕይንት በማይኖርባቸው ቀናት መድረካቸውንና የመለማመጃ ክፍላቸውን ይክፈቱ፤ አንጋፋዎቹ የዜማ ደራስያንና አቀናባሪዎችም በዚያ ከጀማሪዎቹ ጋር ይገናኙ፡፡

ይህ ሳይደረግ ነጠላ ዜማን መራገም ችግኝ ሳያጠጡ ፍሬው አነሰ ብሎ እንደ መቆጣት ነው፡፡ ዘፈን የሚመዘነው በብዛቱ ሳይሆን በብስለቱ ነው፡፡ አንዲት የበሰለች ዜማ ትውልድ ልትሻገር እንደምትችል የትናንቶቹ ትንንሽ ሸክላዎች መስክረዋል፡፡ የዛሬዋም እንድትሻገር ከተፈለገ ለብቻዋ የተተወችውን ወደ ቤት ማስገባት ይገባል፡፡