መሐንዲሷ ኃላፊ ስትሆን

እኅት አንባቢያችን ሆይ፣ ለዓመታት በሙያሽ ስትሠሪ ቆይተሽ አንድ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ የቡድኑን መሪነት ተረከቢ» የሚል ደብዳቤ ቢደርስሽ ቤትሽ ውስጥ ምን ይለወጣል? በተለይ ሙያሽ ምሕንድስና ከሆነና ገና የሚድኽ ልጅ ካለሽ?

ጉዳዩ እንዲጨበጥ በማጀቴ የምትሠራ አንዲት የውሃ መሐንዲስ እናስብ። ሁለት ልጆች አሏት እንበል፤ ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ስምንት ወሯ። እስካሁን ሥራዋ በዓይን የሚታይ ነበር። ምንጭ የሚጎለብትበትን ቦታ ትመርጣለች፣ የመስኖ ቦይ ተዳፋት ትለካለች፣ ሲሚንቶና አሸዋው በልኩ መደባለቁን ቆማ ታያለች። የይፋት ቆላ ፀሐይ ብትበረታም ሥራው ሲመሽ ያበቃል። ቦዩ ውሃ ካስኬደ ልክ ነው፤ ካላስኬደ ልክ አይደለም።

የኃላፊ ሥራ ይህን የመሰለ ውኃ ልክ የለውም። ማታ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብላ ራሷን ብትጠይቅ መልሱ ፊርማ፣ ስብሰባና የተኳረፉ ሁለት ሠራተኞችን ማስታረቅ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙዎች ሆድ ይብሳቸውና ወደ ለመዱት ሥራ ይመለሳሉ። ከሥራቸው ያለው ወጣት ባለሙያ የሠራውን ንድፍ ነጥቀው እንደገና ራሳቸው ይሥሉታል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው፤ ወጣቱ አይማርም፣ እናቲቱም ልጆቿ ከተኙ በኋላ ቤቷ ትደርሳለች። ስለዚህ ንድፉን እርሱ ይሥራው፣ አንቺ መርምሪው። ስሕተቱን በቀይ አመልክተሽ መልሽለት እንጂ አታርሚለት። በመጀመሪያው ወር ሥራው ሊዘገይ ይችላል፤ ይዘግይ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጉዞው ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ ደብረ ብርሃን ስለሆነ ኃላፊ የሆነ ሰው ለስብሰባ የሚጠራው ወደዚያው ነው። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በርን የሚሻገር ሰው በአንድ ቀን ከሙቀት ወደ ብርድ ይወጣል። ልጇን አዝላ ልትሄድ ያሰበች እናት ወፍራም ልብስ መያዝ አለባት። ስብሰባውም ከቀትር በኋላ ከተጀመረ በዕለቱ መመለስ የለም፤ አዳር ነው። መንገዱም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም። እንግዲህ «ኃላፊነቱን እቀበላለሁ» ከማለትሽ በፊት ደመወዙን ብቻ ሳይሆን በወር ስንት ጊዜ ከቤት ውጪ እንደምታድሪ ጠይቂ። በአንጻሩ ደግሞ የመስክ አበል ይቀርብሻል፤ የኃላፊነት አበሉ ያንን ይተካ እንደሆነ እርሳስና ወረቀት ይዘሽ አስይው።

ስለምትጠባው ልጅ አንድ ነገር እናንሣ። የታለበ የእናት ጡት ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ክፍል ውስጥ ለ4 ሰዓት ያህል፣ በፍሪጅ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የቆላው ሙቀት ከ25 ዲግሪ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ፤ መብራትም ይጠፋል። ልጅቷ ስድስት ወር ካለፋት ቀን ቀን ገንፎና የተፈጨ ምግብ ትብላ፤ ጡቱን ጠዋት ከመውጣትሽ በፊትና ማታ እንደገባሽ አጥቢያት። በጉዞ ላይ ጡትሽ እንዳይጋትና ወተቱ እንዳይቀንስ በእጅሽ እለቢው።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎ፣ ከወሊድ በፊት ካለው 30 ቀን ጋር 120 አድርሶታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። የክልል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆንሽ የሚመለከትሽ የክልሉ ሕግ ነውና የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። ለአባትስ? ያው የ2011 አዋጅ 3 ቀን ሰጥቶታል። ሦስት ቀን! ለአራሷ ገንፎ እንኳ በቅጡ ገንፍቶ አያዳርስም። ይህን አምድ የምታነብ አባወራ ካለህ፣ ሕጉ የሰጠህ ሦስት ቀን ቢሆንም ልጁ ያንተ ነው። ሚስትህ ደብረ ብርሃን ባደረች ሌሊት ትኩሳት የሚለካው፣ ጠዋትም ትልቁን ልጅ አልብሶ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አያትና ጎረቤት ይረዳሉ፣ እርግጥ ነው፤ ግን አያቶችም ይደክማሉ።

ከምሕንድስና ወደ አመራር የወጡ እናቶችና እኅቶች አገራችን አይታለች። ኢንጂነር አዜብ አስናቀ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውን 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የጊቤ 3 ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሆነው ከመሩ በኋላ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው እስከ 2010 ዓ.ም. ሠርተዋል። ኢንጂነር አይሻ መሐመድም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴርን ተረክበዋል። ከኢንጂነር አዜብ መንገድ አንድ ነገር ልብ በይ፤ ወደ ትልቁ ወንበር የወጡት በአንድ ፕሮጀክት መሪነት በኩል ነው። እኛም ምርጫ ካለሽ ይህንኑ እንመክርሻለን። አንድ የመጠጥ ውሃ ወይም አንድ የመስኖ ሥራ ከጅምሩ እስከ ርክክቡ ምሪ። በጀቱን፣ ሰዉን፣ የጊዜ ሠሌዳውን ትለምጃለሽ፤ ሙያሽም ከእጅሽ አይጠፋም። የጽሕፈት ቤት ኃላፊነት ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ኃላፊ ከሆንሽም ሥልጣኑ ለአንቺም ለሌሎች እናቶችም ይጥቀም። ስብሰባ ጠሪዋ አንቺ ነሽና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጥሪው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ አትጥሪ። በሳምንት አንድ ቀን ጫማሽን ለውጠሽ ወደ መስክ ውረጂ፤ የቀረበልሽ ሪፖርትና ቦዩ አንድ መሆናቸውን የምታውቂው ያን ጊዜ ነው።

አሁን አይመቸኝም ካልሽ ደግሞ «አልፈልግም» ብለሽ በቃል አትመልሺ። ልጄ አንድ ዓመት እስኪሞላት፣ ማለትም ለአራት ወር፣ ሹመቱ ይቆይልኝ ብለሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ቤትሽ አስቀምጪ፤ ወረቀት ይጠፋል።