«ፋይናል 2» የሚባል ፋይል ያላችሁ እጅ አውጡ

ለጥቂት ወራት በተቀጠርኩበት አንድ የጥናት ሥራ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ ማታ አጠፋሁት። ላፕቶፔ አልተሰረቀም፣ መብራትም አልሄደም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ልጆች ነበርን። ከዓረብ አገር ተመልሰው አዲስ አበባ ኑሮ ከጀመሩ ሴቶች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን እያነበብን፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቤተሰብ የተናገሩትን እየለየን ኮድ እንሰጣለን። ሥራው በሶፍትዌር ነው። እያንዳንዳችን የፕሮጀክቱን ኮፒ በላፕቶፓችን ይዘን፣ ማታ ማታ የየራሳችንን ፋይል በቴሌግራም ግሩፕ እንላላካለን። የፋይሎቹ ስም «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል የመጨረሻ» ነው። አንድ ማታ የጓደኛዬን «ፋይናል 2» አውርጄ የእኔ «ፋይናል 2» ያለበት ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ኮምፒውተሩ «ልተካው ወይ?» ሲለኝ ሳላስብ እሺ አልኩ። ጠዋት ስከፍተው የእኔ ሥራ የለም።

ይሄ ያናድዳል። ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የጠፋውን ፍለጋ ግሩፑን ወደ ላይ ሳስስ፣ ሥራውን ከለቀቀ ቆየት ያለ ልጅ አሁንም አባል ሆኖ አየሁት። ፋይሎቹ ውስጥ የሴቶቹ ስም፣ ሰፈራቸው፣ የደረሰባቸው በደል ሳይነካ እንዳለ ተቀምጧል። ለቤተሰቦቻቸው ያልነገሩትን ለጥናቱ ብለው የተናገሩ ሴቶች ናቸው። እኛ ደግሞ ታሪካቸውን ከቀልድና ከሙዚቃ ጋር በስልካችን ይዘን ታክሲ እንሳፈራለን።

ኢኮኖሚክስ ስማር የለመድኩት ቁጥር ነው። የቁጥር ሰንጠረዥ ቢበላሽ ከዋናው መጠይቅ እንደገና ይሞላል፣ ውጤቱም ያው ነው። ዓይነታዊ ጥናት፣ ማለትም ኳሊቴቲቭ የምንለው፣ እንዲህ አይደለም። ኮድ የሰው ንባብ ነው። ያንኑ ቃለ መጠይቅ ከወር በኋላ ሳነበው የማየው ነገር ትንሽም ቢሆን ይለያል። ስለዚህ የጠፋው የሁለት ሳምንት ድካም ብቻ አልነበረም።

ብዙ ቢሮ የፋይል አያያዝን «ኮምፒውተር የሚችል ልጅ» የሚያየው ጥቃቅን ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን የጥናቱ አካል ነው እላለሁ፤ የአደራ ጉዳይ ነው። መወሰን ያለበትም የመጀመሪያው ኮድ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ምን ይወሰን? ብዙ ሰው የሚያውቀውን ኤንቪቮን ልውሰድ። ተራው የኤንቪቮ ፕሮጀክት የጋራ ሰነድ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራበት አንድ ሰው ነው። ለቡድን የተዘጋጀ አገልግሎት አለው፤ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ያንን መክፈል ካልተቻለ ያለው መንገድ ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ዋናውን ፋይል ይይዛል፣ ሌሎቹ ኮፒ ወስደው ይሠራሉ፣ በተወሰነ ቀን ኮፒዎቹ ዋናው ውስጥ ይዋሃዳሉ። ዋናውን ከያዘው ሰው በቀር ማንም አይነካውም።

መዋሃዱ የራሱ ሕግ አለው። ሶፍትዌሩ ሁለት ሰነዶችን አንድ የሚያደርገው ስማቸው፣ ቦታቸውና ጽሑፋቸው ፍጹም ሲመሳሰል ነው። ከመካከላችን አንዱ ቅን ልብ ይዞ አንዲት የፊደል ስህተት ቢያርም፣ ያ ቃለ መጠይቅ ሁለት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ እርማት ሁሉ አስቀድሞ ያልቃል፤ ኮድ ከተጀመረ ጽሑፍ አይነካም። የኮዶቹ ስምም ከመጀመሪያው አንድ ይሁን፤ አንዱ «ዕዳ» ሌላው «ብድር» ካለ ማሽኑ ሁለት ነገር ነው የሚያየው። እያንዳንዱ ሰው ሶፍትዌሩን ሲከፍት የራሱን ስም ያስገባ፤ ያለዚያ የትኛው ኮድ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ፕሮጀክቱን ከኢንተርኔት ጋር በሚናበብ ፎልደር ውስጥ ከፍቶ መሥራትም አደጋ አለው። ሶፍትዌሩ ገና እየጻፈ ሳለ ያኛው ፋይሉን ሊወስደው ይሞክራል፤ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑ ላይ ሠርቶ፣ ዘግቶ፣ ከዚያ ቀን የተጻፈበት ኮፒ ማስቀመጥ ይሻላል። ትልልቅ የድምፅና የቪዲዮ ፋይሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፕሮጀክቱ ውጭ ነው የሚቀመጡት፤ ፕሮጀክቱን ብቻ የላከ ሰው ድምፁን አልላከም።

ስሪትም ይታሰብ። በአዲሱ ስሪት የተከፈተ ፕሮጀክት ወደ አሮጌው አይመለስም። የዊንዶውስና የማክ ፋይልም አንድ ዓይነት አይደለም፤ መቀየር ይጠይቃል። ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው መሸጋገር ለሚፈልግ፣ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሬፊ ኪውዲኤ የሚባል የጋራ መለዋወጫ አለ። ኤንቪቮም፣ አትላስ ቲአይም፣ ማክስኪውዲኤም ይቀበሉታል፤ ሁሉም ነገር ሳይጎድል ያልፋል ማለት ግን አይደለም። እኛ አገር ደግሞ አንድ የተለየ ጣጣ አለን። በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ አማርኛ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሲገባ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ሳይገባ መቀየር ነው።

ከሁሉም በላይ ስም። የተናጋሪዎቹ ስምና ሰፈር ፕሮጀክቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመለያ ቁጥር ይተካ፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ሌላ ቦታ፣ አንድ ሰው እጅ ይሁን። ፋይሉ መላክ ካለበት በይለፍ ቃል ይዘጋ፤ የይለፍ ቃሉ እዚያው ግሩፕ ላይ ሳይሆን በስልክ ይነገር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግም ጉዳይ ነው።

«ጊዜ የለም፣ ሪፖርቱ ደርሷል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኛም ያልነው እሱን ነበር። ያልኩት ሁሉ ግን ተቀምጦ ለመስማማት ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። እኔ ሁለት ሳምንት ከፍያለሁ። ሴቶቹ ሊከፍሉ ይችሉ የነበረውን ደግሞ እኔ ልተምነው አልችልም። የሚቀጥሩን ቢሮዎች ይሄን ግማሽ ቀን ከሥራው ዕቅድ ውስጥ ያስገቡት። ካላስገቡት እኛ እንጠይቅ፦ ዋናውን ማን ይይዛል? በምን ይላካል? ሥራው ሲያልቅ ማን ያጠፋል? ይሄን መጠየቅ መቅበጥ አይደለም።

እኛ በመጨረሻ ያንን ግሩፕ ዘጋነው፤ ፋይሎቹንም ከየስልካችን አጠፋን። የለቀቀውን ልጅ ደውዬ እንዲያጠፋ ለመንኩት፣ እሺ አለኝ። ማጥፋቱን ግን በምን አውቃለሁ? አንድ ጊዜ ከእጅ የወጣ ፋይል እንዲህ ነው። እናንተም ዛሬ ማታ የድሮውን የሥራ ግሩፕ ክፈቱና ወደ ላይ ሂዱ። የማን ታሪክ እዚያ እንደተቀመጠ እዩ።