ሸኝተናል፤ አልተቀበልንም



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ፣ ስለ ሌሊት ጥበቃና ስለ ዕድር መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ከመዋጮ የሚከብድ ዕዳ አለብንና ስለ እርሱ እንነጋገር። ይኸውም ከመካከላችን ወደ ጦር ሜዳ ሄደው የተመለሱት ጎረቤቶቻችን ዕዳ ነው።

ዕድሜያችን የገፋ ሰዎች እናስታውሳለን። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ሲወጣ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ወጣት 6 ወር ሰልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። ምልመላው የተካሄደው በየቀበሌው ነበር። ስም የጻፍን፣ ቤት ያሳየን፣ ከበሮ መትተን «በድል ተመለሱ» ብለን የሸኘን ሰዎች ዛሬም በዚህ ሰፈር አለን። 2 ዓመት የተባለውም ለብዙዎቹ ጦርነቱ እስካበቃበት እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዛሬ ሸብተው በመካከላችን ይኖራሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ነገሩ ግን ይነገር ብለዋል። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ በነበረው ናደው እዝ ውስጥ ነበሩ። እኛ ስለዚያ ውጊያ የምናውቀው በየመጽሐፉ የተጻፈውን ነው። የእዙ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ከውጊያው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ በገዛ መንግሥታቸው ተረሽነዋል። ውጊያው መጋቢት 8 ቀን ተጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ ሁሉ ጦር ፈረሰ። አድ ሸሩም በተባለው ጠባብ መተላለፊያ መንገድ የተዘጋባቸውን ታንኮችና መኪናዎች፣ በሻዕቢያ እጅ እንዳይገቡ ተብሎ የራሱ የመንግሥቱ አውሮፕላኖች ደበደቧቸው።

እሳቸው የነገሩን ግን ስለ እግር ነው። «ውጊያውን ሁሉም ይጠይቀኛል፤ መንገዱን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉን። ከአፋቤት ወደ ከረን በሌሊት ሲያፈገፍጉ፣ የፊተኛውን ሰው ቀበቶ ይዘው እያንቀላፉ ይሄዱ ነበር። እግር ከስክስ ጫማ ውስጥ ቆስሎ ሲያብጥ ጫማውን ማውለቅ ያስፈራል፤ አንዴ ከወለቀ ተመልሶ አይገባማ! የአንድ ኮዳ ውኃ በክዳኑ እየተለካ ለአራት ሰው ይከፈላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ተመልሶ እንደማይነሳ እያወቁ አልፎ መሄድ ነው። «በጥይት የወደቀውንስ ቆጠርነው፤ 'ትንሽ ልረፍ' ያለውን ማን ቆጠረው?» አሉን።

እንዲያ ብለው ከተቀመጡት አንዱ የዚሁ የሰፈራችን ልጅ ነበር። እናቱን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበትኖ በባዶ እግሩ ሲገባ፣ መንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዱን ወታደር ፊት ሲያዩ የዋሉት እሳቸው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መርዶ ሳይረዱ፣ ለልጃቸው ድንኳን ሳይተከል አረፉ። ልጃቸው የት እንደቀረ የሚያውቀው ሰው ግን ከሦስት ቤት ወዲያ ይኖር ነበር።

ለምን አልነገሯቸውም? «ጥዬው ነው የመጣሁት፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?» ነው መልሳቸው። በእሳቸው ለመፍረድ አንቸኩል። እኛስ ሲመለሱ ምን ብለን ተቀበልናቸው? «የደርግ ወታደር» ብለን ነው። ያኔ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ወታደር ሲሰናበት፣ በየሰፈሩ የጠበቀው ወይ ምጽዋት ወይ ግልምጫ ነበር። አንደበታቸውን የዘጋነው እኛ ነን።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። ወታደር ግን ወጊም ተወጊም ነውና ሁለቱንም ተሸክሞ ነው የሚያድረው።

አንዳንዶቻችን «ያለፈ ቁስል ምን ያነካካል? የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ በሌላው ወገን የተዋጉም በሰፈራችን አሉ፤ ጠብ ይነሳል» እንላለን። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዝም ብለን የከረምነው ሠላሳ ዓመት የቱን ቁስል አዳነ? ማን ልክ ነበር የሚለው ክርክር ይቆየንና መንገዱን እንጠይቅ። ጥሙም፣ የእግር ቁስሉም፣ በመንገድ የቀረው ጓደኛም በሁለቱም ወገን አለ።

ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ እንዳይመስለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ዘምተው የመጡ ልጆቻችን ዛሬ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለዋል። ይህን ዝምታ እናውቀዋለን። እነሱንም ሠላሳ ዓመት ልናስጠብቃቸው ነው እንዴ?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰን ሰው «ስንት ገደልክ?» ብሎ መጠየቅ ይቅር። «እንዴት ተጓዛችሁ? ከማን ጋር ነበርክ?» እንበል፤ ካልፈለገም አናስጨንቀው። ሁለተኛ፣ በቡሄና በመስቀል ሰሞን ልጆቻችን በሰው ደጃፍ ርችት እንዳይተኩሱ እንምከራቸው። ርችቱ ሲጮኽ ግድግዳ ተጠግተው የሚቀመጡ አባቶች እንዳሉ ስንቶቻችን አስተውለናል? ሦስተኛ፣ ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ስሙንና የዘመተበትን ዓመት ለማኅበራችን ጸሐፊ ያስመዝግቡ። የሚያውቅ ካለ ለጸሐፊው ይንገር፤ መርዶውን በወጉ ማርዳት የእኛ የሽማግሌዎች ፈንታ ይሁን።

ለዚያች እናት አልደረስንም። እንደ እሳቸው የሚጠብቁ ግን ዛሬም በሰፈራችን አሉ።

የፊታችን እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ በማኅበራችን ግቢ ቡና ይፈላል። የዘመታችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ኑልን። የምትችሉ ቆሎና ስኒ ይዛችሁ ኑ። እኛ ለመስማት እንመጣለን።