የዲጂታል አገልግሎቶችን ተደራሽነት በስክሪን ሪደርና በንግግር መለያ ሶፍትዌር አጣምሮ መፈተሽ ለምን ያስፈልጋል?

የመንግሥት አገልግሎቶች ከወረቀትና ከመስኮት ወደ ድረ ገጽና ወደ ሞባይል መተግበሪያ እየተሸጋገሩ ይገኛሉ። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለዚህ ሽግግር መሠረት ከጣሉት ሰነዶች መካከል ይጠቀሳሉ። ሽግግሩ ሰልፍንና ምልልስን የሚቀንስ በመሆኑ፣ ከማንም በላይ ሊጠቅም የሚገባው መጓዝ፣ ማየት ወይም በእጅ መጻፍ ለሚቸገሩ ዜጎች ነው። ይሁንና አንድ ገጽ ሲዘጋጅ በዓይኑ አይቶ በጣቱ የሚነካ ሰው ብቻ ታስቦ ከሆነ፣ ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ዝግ የሚሆነውን ያህል ገጹም ዝግ ይሆናል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂዎች ተደራሽ እንዲሆኑ ይደነግጋል። አንቀጽ 21 ደግሞ ለሕዝብ የሚሰጥ መረጃ ለአካል ጉዳተኞች በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ወጪ እንዲደርስ ይጠይቃል። አንቀጽ 22 የግል ሕይወት ምስጢር መጠበቅን ይመለከታል። እነዚህ ሦስት አንቀጾች ከዕለት ተዕለት ኑሮ ጋር የሚገናኙት እንዲህ ነው፦ ማመልከቻውን ራሱ መሙላት ያልቻለ ተገልጋይ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ለሌላ ሰው ይከፍላል፤ የይለፍ ቃሉን፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና በስልኩ የደረሰውን ኮድም አሳልፎ ይሰጣል። አገልግሎቱን ቢያገኝም ገንዘቡንና ምስጢሩን ከፍሎ ነው።

አንድ ገጽ ተደራሽ መሆኑ በምን ይታወቃል? በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «በስክሪን ሪደር ተፈትሿል» የሚል ነው። ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች

ስክሪን ሪደር በኮምፒውተር ወይም በስልክ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። በአገራችንም በስፋት የሚታወቁት ጆውስ፣ በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ፣ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ቶክባክ እና በአፕል ምርቶች ላይ ያለው ቮይስኦቨር ናቸው። ዋና ተጠቃሚዎቻቸው ዓይነ ስውራንና የማየት ችሎታቸው የቀነሰ ሰዎች ናቸው።

የንግግር መለያ ሶፍትዌር በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል። ተጠቃሚው ይናገራል፤ ሶፍትዌሩ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ወይም ወደ ትእዛዝ ይለውጠዋል። ድራገን፣ የአፕል ቮይስ ኮንትሮል፣ የዊንዶውስ እና የአንድሮይድ ቮይስ አክሰስ ከዚህ ጎራ ይመደባሉ። እጃቸው የተጎዳ፣ ሽባነት ያጋጠማቸው፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ወይም እጃቸው ተሰብሮ ለጊዜው የታሰረላቸው ሰዎች ይገለገሉበታል። አብዛኞቹ ገጹን ያዩታል፤ መንካት ግን አይችሉም።

ሁለቱም መሣሪያዎች የሚመረኮዙት በአንድ ነገር ላይ ነው። ገጹን የሠራው ባለሙያ ለእያንዳንዱ አዝራር፣ ሳጥንና ማስፈንጠሪያ በኮዱ ውስጥ የሰጠው ስም አለ፤ ይህ ስም በዓይን አይታይም። ስክሪን ሪደሩ ይህን ስም ያነባል፤ የንግግር መለያውም ተጠቃሚው የተናገረውን ከዚሁ ስም ጋር ያነጻጽራል። ስሙ ጨርሶ ከሌለ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ ዓይነ ስውሩ «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ በንግግር የሚያዘውም የሚጠራው ስም ያጣል። ስሙ ኖሮ ከሚታየው ጽሑፍ ጋር ካልተጣጣመ ግን የሚወድቀው አንደኛው ብቻ ነው።

አንዱ አልፎ ሌላው ሲወድቅ

በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የማመልከቻ ገጽ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአዝራሩ ላይ የሚታየው ጽሑፍ «አፕላይ ናው» ነው እንበል፤ በኮዱ ውስጥ የተሰጠው ስም ግን «ሰብሚት ፎርም» ነው። በስክሪን ሪደር የሚፈትሽ ባለሙያ «ሰብሚት ፎርም፣ አዝራር» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ትርጉሙ ግልጽ ስለሆነ «አልፏል» ብሎ ይመዘግባል። በንግግር የሚገለገለው አመልካች ግን የሚያየውን ያነባል፤ «ክሊክ አፕላይ ናው» ይላል፤ ምንም አይከሰትም። ይደግመዋል፤ አሁንም ምንም የለም። ችግሩ የአነጋገሩ ወይም የማይክሮፎኑ ይመስለዋል እንጂ የተደበቀ ስም መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.1 እትሙ ለዚህ ችግር የተለየ መስፈርት አስቀምጧል፦ በአዝራሩ ላይ የሚታየው ጽሑፍ በተደበቀው ስም ውስጥ መገኘት አለበት። በዚሁ እትም የተጨመረ ሌላ መስፈርት በአንድ ፊደል ብቻ የሚሠሩ አቋራጮችን ይመለከታል። አንዳንድ ገጾች አንድ ፊደል ሲጫኑ መልእክት እንዲሰረዝ ወይም ገጽ እንዲቀየር ተደርገው ይሠራሉ። በንግግር የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ሲናገር የቃሉ ፊደላት እያንዳንዳቸው እንደ ትእዛዝ ሊቆጠሩበት ይችላሉ። በመሆኑም መመሪያው እንዲህ ያሉ አቋራጮች የሚጠፉበት ወይም የሚቀየሩበት መንገድ እንዲኖር ይጠይቃል።

የማረጋገጫ ኮድ ማስገቢያ ገጾች ሁለቱን ተጠቃሚዎች በተለያየ መንገድ ይፈትናሉ። ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ በስድስት የተለያዩ ትናንሽ ሳጥኖች እንዲገባ ሲደረግና ሳጥኖቹ ስም ሳይኖራቸው ሲቀር፣ ዓይነ ስውሩ በስንተኛው ሳጥን ላይ እንዳለ አያውቅም፤ በንግግር የሚጽፈው ደግሞ ስድስቱም አኃዞች በአንዱ ሳጥን ውስጥ ለመግባት ሲሞክሩ ያያል። በዚህ ላይ የጊዜ ገደቡ አጭር ከሆነ፣ መልእክቱን ከፍቶ፣ አዳምጦና ተመልሶ እስኪመጣ ኮዱ ጊዜው ያልፍበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስም ያለው አንድ ሳጥን፣ ገልብጦ መለጠፍን የማይከለክል አሠራር እና ሊራዘም የሚችል ጊዜ።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ልምድ

የብሪታንያ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 አጋዥ ቴክኖሎጂ የሚጠቀሙ 712 ሰዎችን ያካተተ የዳሰሳ ውጤት ይፋ አድርጎ ነበር። ከመላሾቹ 30 በመቶው የገጽ ማጉያ፣ 29 በመቶው ስክሪን ሪደር፣ 18 በመቶው ደግሞ የንግግር መለያ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ነበሩ። የተቋሙ መመሪያ አገልግሎቶች ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት በስክሪን ሪደር ብቻ ሳይሆን በማጉያና በንግግር መለያ ሶፍትዌርም እንዲፈተሹ ይጠይቃል።

በራስ ሰር የሚሠሩ የፍተሻ ፕሮግራሞች ይህን ሥራ ሊተኩ አይችሉም። ዌብኤም የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ሚሊዮን የመነሻ ገጾችን በፕሮግራም ፈትሾ 94.8 በመቶዎቹ ላይ የተደራሽነት ጉድለት አግኝቷል። ይህ ማሽን ሊያየው የሚችለው ጉድለት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ስም መኖር አለመኖሩን ይለያል፤ አንድ ሰው ቅጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞልቶ ደረሰኝ ይዞ መውጣት መቻሉን ግን ሊነግረን አይችልም።

የአማርኛ ልዩ ጉዳይ

በአማርኛ ገጾች ላይ ጉዳዩ ተጨማሪ መልክ አለው። መልካሙ ዜና መሠረቱ መኖሩ ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተሰኘ የንግግር ማመንጫ አማርኛን ያነባል። ጎግልም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ለመጻፍ የሚያስችል አገልግሎት ይሰጣል። ጉድለቱ ያለው በትእዛዝ በኩል ነው። በድምፅ አዝራር ለመጫንና ገጽ ለመቀየር የሚያገለግሉት ዋና ዋና ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በእንግሊዝኛና በሌሎች ውስን ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ የአማርኛ ተገልጋይ ጽሑፉን በቋንቋው እየተናገረ ይጽፋል፤ አዝራሩን ለመጫን ግን ሶፍትዌሩ በየአዝራሩ ላይ ቁጥር እንዲያሳየው አዝዞ ቁጥሩን ይጠራል። ይህ የሚሆነው አዝራሩ በኮዱ ውስጥ በእርግጥ አዝራር ተብሎ ሲሠራ ነው። አዝራር መስሎ የተሳለ ምስል ብቻ ከሆነ ቁጥር ላይወጣለት ይችላል። ስክሪን ሪደሩም ቢሆን ሊጫኑት እንደሚቻል አይናገርም።

የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኮዱ ውስጥ መገለጽም አለበት። ካልተገለጸ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይሞክራል፤ የሚሰማውም ትርጉም የለሽ ድምፅ ወይም ዝምታ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው የግዕዝ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ስሙን ኃይሉ ብሎ በንግግር ሲያስገባ ሶፍትዌሩ «ሀይሉ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ በመታወቂያው ላይ ያለው ግን «ኃይሉ» ነው። ፊደልን ከፊደል ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሥርዓት «መረጃው አይመሳሰልም» ብሎ ይመልሰዋል። የሚያይ ሰው ስሕተቱን ለይቶ ያርማል። ዓይነ ስውር የሆነ ተገልጋይ ግን ስክሪን ሪደሩ መልሶ ሲያነብለት የሚሰማው ያንኑ ትክክለኛ ስሙን ነው። አንዱ መሣሪያ ያሳሳተውን ሌላው ይሸፍነዋል፤ ተገልጋዩም በማያውቀው ምክንያት ደጋግሞ ይከለከላል። ይህን ጉድለት መሣሪያዎቹን ለየብቻ የሚፈትሽ ሰው አያገኘውም።

መፍትሔው ከቋንቋው ውስጥ አለ። ሥርዓቶች ስሞችን ሲያስተያዩ ሀን፣ ሐንና ኀን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን እንደ አንድ ሊቆጥሩ ይችላሉ። ፊደል በፊደል ሲነበብም «ሃሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ»፣ «እሳቱ ሰ»፣ «ንጉሡ ሠ» እያሉ መለየት ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። ይህን ልማድ ወደ ንግግር ማመንጫዎች ማስገባት ዓይነ ስውሩ የስሙን ፊደል በጆሮው እንዲለይ ያስችለዋል።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር «መስከረም 5» ብሎ የሚናገር ተገልጋይ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ብቻ የተሠራ የቀን መምረጫ ቢያጋጥመው፣ ወይም «ሦስት ሰዓት» ያለው የቀጠሮ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተደርጎ ቢመዘገብበት፣ ቀጠሮው ሊያልፈው ይችላል። ቀንን በጽሑፍ ጭምር ማስገባት መፍቀድና የተመዘገበውን ከማጽደቅ በፊት በግልጽ ማሳየት ለሁሉም ተገልጋይ ይጠቅማል።

ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙ ተገልጋዮች

ማየትም በእጅ መጻፍም የማይችሉ ዜጎች ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ላይ ይጠቀማሉ። ለእነርሱ የመጀመሪያው ችግር የስክሪን ሪደሩ ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ገብቶ እንደ ትእዛዝ መቆጠሩ ነው። በጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ይህን ያስቀራል፤ ምስጢርንም ይጠብቃል። ሁለተኛው ችግር የተናገሩት በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ ነው። ስለሆነም ቅጾች ከመላካቸው በፊት የተሞላው መረጃ በሙሉ ተመልሶ የሚነበብበትና የሚታረምበት ገጽ ሊኖራቸው ይገባል።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይችላሉ?

እንቅፋት ያጋጠመው ተገልጋይ ችግሩ የእርሱ አለመቻል ነው ብሎ መተው የለበትም። ለአገልግሎት ሰጪው ተቋም በሚያቀርበው ጥቆማ ውስጥ የሚከተሉትን ቢገልጽ ባለሙያዎች ጉድለቱን በቀላሉ ያገኙታል፦

– ችግሩ የተከሰተበትን ገጽና ለመፈጸም የፈለጉትን ጉዳይ፤
– የተጠቀሙበትን ስልክ ወይም ኮምፒውተር እና የሶፍትዌሩን ስም፤
– የተናገሩትን ወይም የተጫኑትን፣ ከዚያም የሰሙትን ወይም ያዩትን፤
– ጉድለቱ እስኪታረም ድረስ በአካል ወይም በስልክ የሚስተናገዱበት አማራጭ እንዲሰጥዎ ያቀረቡትን ጥያቄ።

በጥቆማው ውስጥ የይለፍ ቃልዎን፣ የማረጋገጫ ኮድዎንና የመታወቂያ ቁጥርዎን አይጻፉ። ጉድለቱን ለማረም እነዚህ አያስፈልጉም።

ከተቋማት የሚጠበቀው

አገልግሎት የሚያለሙና የሚገዙ ተቋማት ፍተሻውን በቅደም ተከተል ቢያካሂዱ ወጪው ይቀንሳል፦ በመጀመሪያ በራስ ሰር ፕሮግራም፣ ቀጥሎ ያለ ማውስ በፊደል ገበታ ብቻ፣ ከዚያ በስክሪን ሪደር፣ ከዚያ በንግግር መለያ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አጣምሮ። በስክሪን ሪደር የሚፈትሽ ባለሙያ ገጹን እያየ ከሆነ ጆሮው ያላገኘውን ዓይኑ ስለሚሞላለት፣ የኮምፒውተሩን ማሳያ ማጥፋት አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሣሪያዎቹን በየዕለቱ የሚገለገሉ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው በፈታሽነት መሳተፋቸው ነው።

መለኪያው በእያንዳንዱ ፍተሻ አንድ ነው። ተገልጋዩ ጉዳዩን ያለ ሌላ ሰው እጅና ዓይን፣ ምስጢሩን ሳያካፍል፣ ከማንም እኩል በሆነ ወጪ ጀምሮ መጨረስ ከቻለ አገልግሎቱ ተደራሽ ነው። በአንዱ መሣሪያ ብቻ ያለፈ ገጽ ይህን መለኪያ ገና አላሟላም።