የትኛው ችግር ይቅደም?



የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላኩም፣ የመብራት ሂሳቡም፣ የነዳጅ ክፍያውም ወደ ስልክ ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ግራ የሚያጋባ መልእክት የሰውን ጉዳይ ያስተጓጉላል። የመተግበሪያ ሠሪዎች ጊዜ ደግሞ ውስን ነው። የትኛው ቅሬታ ይቅደም? በየቢሮው ብዙ ጊዜ የሚወስነው ድምፁ ከፍ ያለው ኃላፊ ነው። ይህ እትም ያንን ልማድ ይሞግታል።

የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን የችግርን ክብደት በሦስት ነገር ይመዝናል፦ ስንት ሰው ያጋጥመዋል፣ ሲያጋጥም ምን ያህል ያውካል፣ አንዴ ከታወቀ ይታለፋል ወይስ እየደጋገመ ያስቸግራል። ከዚያ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። በዚህ ሚዛን፣ ጥቂቶችን ክፍያ ላይ የሚያግድ ስህተት ብዙዎች ከማይወዱት ቀለም ሊቀድም ይችላል።

ቁጥርም ቢሆን ብቻውን አይታመንም፤ ይህን አጥብቄ እላለሁ። ቁጥሩ የሚገኝበት የአጠቃቀም መዝገብ መተግበሪያውን ሊጭኑ ሞክረው የተዉትን አያውቃቸውም። ስልካቸውን ለልጃቸው ሰጥተው የሚያስከፍሉ እናትም እዚያ እንደ ጎበዝ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ። የደንበኞችን ጥሪ ማዳመጥና አጠገባቸው ተቀምጦ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የምርት ኃላፊዎችና ፕሮግራመሮች ከቀጣዮቹ ገጾች ነገ ስብሰባ ላይ የሚያቀርቡት መመዘኛ ያገኛሉ። ተጠቃሚዎች ደግሞ ቅሬታ ስታቀርቡ በየትኛው ገጽ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ስትሞክሩ እንደቆመባችሁ ጻፉ፤ እንዲህ ያለውን ቅሬታ መቁጠርም ማስቀደምም ይቻላል።

አዘጋጁ